«አቢሲኒያን» ድመት ለልጄ ልገዛ ነው፤ ጤነኛዋን በምን ልለያት?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሊድስ ነው። የ12 ዓመት ልጄ ‹የአገራችን ስም ያላት ድመት ናት› ብላ አቢሲኒያን የምትባለዋን ካልገዛሽልኝ እያለች መውጫ መግቢያ አሳጥታኛለች። ሁለት ቦታ አገኘሁ። አንዷ ቤቷ ውስጥ የምታረባ ሴት ናት፤ 1,100 ፓውንድ ትላለች፣ 13 ሳምንት ሳይሞላቸው አልሰጥም ትላለች፣ ጭራሽ እኔኑ እንደ ፖሊስ መረመረችኝ። ሌላው በስልክ ያገኘሁት ሰው ነው፤ የ8 ሳምንት ግልገል በ500 ፓውንድ ቤትሽ ድረስ አመጣልሻለሁ፣ ለጊዜው 150 ፓውንድ ቀብድ ላኪ ብሎኛል። ለመሆኑ ድመቷ እውነት የእኛ ናት? ጤነኛ መሆኗንስ በምን አውቃለሁ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ቀብዱን ገና ካልላኩ አይላኩ። የቀረውን ረጋ ብለን እንነጋገርበት።

ከስሟ ልጀምር፣ ልጅዎም የምትጠብቀው እሱን ይመስለኛል። የእንግሊዝ ጦር በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ሲመለስ ዙላ የምትባል ድመት ከአቢሲኒያ አብራ እንደመጣች በ1874 የታተመ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጽፏል። ዙላ ጦሩ መጀመሪያ ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ዳርቻ ስም ነው። ችግሩ መጽሐፉ ላይ የተሳለችው ድመት ጆሮዋ ትንንሽ ሆኖ ዛሬ አቢሲኒያን ከምንላት ባለ ትልቅ ጆሮ ድመት ጋር እምብዛም አትመሳሰልም። የዘረመል ጥናቶችም የዘሩን መነሻ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው የሚወስዱት። መልኳን ያበጁት ደግሞ እዚሁ እንግሊዝ ያሉ አርቢዎች ናቸው። ከመቅደላ ስንት ነገር ተጭኖ እንደወጣ እናውቃለን፤ ይቺን ግን ሂሳቡ ውስጥ ባናስገባት ይሻላል።

የስሟ ታሪክ ለጤናዋ ምን አገባው ካሉኝ፣ ያገባዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ የቀሩት አቢሲኒያኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከጥቂቶች የተባዛ ዘር ደግሞ የጥቂቶቹን በሽታ ይወርሳል። ስለዚህ ከአርቢ ጋር ሲነጋገሩ ሦስት በሽታዎችን በአእምሮዎ ይያዙ።

አንደኛው የዓይን ነው። ግልገሏ ስትወለድ ደህና ታያለች። ከዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ክፍል፣ ሬቲና የምንለው፣ መሳሳት ይጀምራል፤ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመቷ ታወራለች። በሽታው በስዊድን አቢሲኒያኖች ላይ በደንብ ተጠንቷል። እንዲያውም በ2007 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የድመት ዘረመል ሲነበብ ናሙናው የተወሰደው ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ከነበረች ሲናሞን ከምትባል አቢሲኒያን ነው፤ የዘር ሐረጓም ከነዚያ ከስዊድኖቹ ይመዘዛል። ሲናሞን ቀረፋ ማለት ነው፤ ለልጅዎ ስም ከቸገራት ይንገሯት።

ሁለተኛው የደም ነው። ፒሩቬት ካይኔዝ የሚባል ኢንዛይም ሲጎድል ቀይ የደም ሕዋሳት ዕድሜያቸውን ሳይጨርሱ ይሞታሉ፣ ድመቷም የደም ማነስ ይይዛታል። ክፋቱ መጥቶ መሄዱ ነው። ባለቤቱ «ሰሞኑን ሰነፈች» ይላል፣ ትሻላለች፣ ይረሳል፣ ከወራት በኋላ ይመለሳል። ሁለቱም በሽታዎች ከጉንጯ ውስጥ በጥጥ በተጠረገ ናሙና ይመረመራሉ፤ ስለዚህ ወላጆቹን ሳያስመረምር የሚያረባ ሰው ሰበብ የለውም።

ውጤቱ ሦስት ዓይነት ነው፦ ነጻ፣ ተሸካሚ፣ ታማሚ። ተሸካሚ ማለት ራሷ የማትታመም፣ ለልጆቿ ግን ልታስተላልፍ የምትችል ናት። አርቢዋ «እናትየው ተሸካሚ ናት» ብትልዎ አይደንግጡ፤ እንዲያውም ሳትደብቅ መናገሯን በበጎ ይያዙላት። አባትየው ነጻ ከሆነ ከልጆቻቸው አንዱም በዚያ በሽታ አይታመምም። ሁለት ተሸካሚዎች ከተገናኙ ግን እያንዳንዱ ግልገል ከአራት አንድ የመታመም ዕድል አለው። ወረቀቱን ሲያዩ ደግሞ ውጤቱን ብቻ አይመልከቱ፤ የድመቷ ባለ 15 አሃዝ የማይክሮቺፕ (ከቆዳዋ ሥር የሚቀበረው መለያ) ቁጥር ተጽፎበታል ወይ? ቁጥር የሌለበት ውጤት የማንም ድመት ውጤት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የኩላሊት ነው፣ እኔን በጣም የሚያስፈራኝም እሱ ነው። አሚሎይዶሲስ ይባላል። አንድ ዓይነት ፕሮቲን ኩላሊት ውስጥ እየተጠራቀመ በወጣትነቷ ሥራ ያስፈታዋል። ይህኛውን የሚለይ የዘረመል ምርመራ የለም። ያለው መንገድ የድሮው ነው፣ መጠየቅ። «የዚህች ግልገል አያት አለች? ስንት ዓመቷ ነው? ከሞተች በምን ሞተች?» ጥሩ አርቢ ይህን ሲጠይቋት ፊቷ ይበራል። ፎቶ ታወጣለች፣ የ14 ዓመቷን አሮጊት ከሶፋ ሥር ጎትታ ታሳይዎታለች። ሻጩ ስለ አያቶቿ አንድም ነገር ካላወቀ ኩላሊቷንም አያውቅም።

የዘር ሐረግ ወረቀት ሲሰጥዎት ደግሞ እንደ እኛ ሽማግሌ ያንብቡት። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን አይደል? እዚያ ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ትውልድ ተዘርዝሯል፤ ከላይ የአባት ወገን፣ ከታች የእናት ወገን። ጣትዎን እያስኬዱ በሁለቱም በኩል የሚደጋገም ስም ይፈልጉ። አምስተኛው ትውልድ ላይ አንድ ስም ቢደገም በትንሽ ዘር ውስጥ የሚጠበቅ ነው። አያት ላይ ከተደገመ ግን ለምን እንዲህ እንዳዳቀለች ይጠይቋት።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ይባል የለ? እዚህ አገር ይህ ተረት ሕግ ሆኗል። ከሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ከ6 ወር በታች የሆነ ቡችላም ሆነ የድመት ግልገል በደላላ ለንግድ መሸጥ አይቻልም፤ ገዢው ከራሱ ከአርቢው፣ ግልገሉ ከእናቱ ጋር ባለበት ቦታ አይቶ ነው የሚወስደው። «ቤትሽ ድረስ አመጣልሻለሁ» ያለዎት ሰው እንግዲህ ትህትና እያሳየዎት አይደለም። እናትየው የት እንዳለች እንዳያዩ ነው። «እናቷ ሐኪም ቤት ናት»፣ «እናቷ እህቴ ጋ ናት» የሚሉ መልሶችን በሥራዬ በጣም ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አባትየው ባይኖር ግን ችግር የለውም፤ አብዛኛው አርቢ ወንዱን ከሌላ ቤት ነው የሚያስመጣው፣ የእሱን ወረቀት ማየት ይበቃል። እናትየውም ከሳ ብላ፣ ጠጉሯ ሳስቶ ቢያገኟት አይዘኑባት። ያጠባች ናት። የሚያሳስበው ሰው ስትሸሽ፣ ስታስነጥስ፣ ወይም ልጆቹን እንደማታውቃቸው ስታልፋቸው ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። እኔ ደብረ ዘይት ተምሬ እዚህ የድመትና የውሻ ሐኪም ከሆንኩ ቆይቻለሁ። አንድ ሰኞ ጠዋት የእኛው ሰዎች፣ ባልና ሚስት፣ በጫማ ካርቶን ግልገል ይዘው መጡ። ቅዳሜ ማታ ከአውራ ጎዳና ዳር፣ ከነዳጅ ማደያ መኪና ማቆሚያ ነበር የተቀበሏት። ዓይኗ ግማሽ ድረስ በነጭ ስስ ሽፋን ተሸፍኗል፤ ድመት ውስጧ ሲታመም ሦስተኛው የዓይን ሽፋኗ እንዲያ ይወጣል። ታስመልሳለች፣ ተቅማጥ አላት። «ተከትባለች፣ ካርዷ ይኸው» አሉኝ። ካርዱን ገለጥኩት። ሁለቱም ክትባት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ተጽፏል፤ ከክትባቱ ጠርሙስ ተልጦ የሚለጠፈው ባለ ቁጥር ወረቀት የለም፣ የሐኪም ቤት ማኅተም የለም። ዘጠኝ ሳምንቷ ነው ተብለዋል። አፏን ከፍቼ ሳይ ከኋላ ያሉት የወተት ጥርሶች ገና እየበቀሉ ነበር፣ ዓይኗም ያ የሕፃን ሰማያዊ አልለቀቀውም። ስድስት ሳምንት ቢሆናት ነው። በሽታዋ ፓንሉኮፔንያ የሚባለው፣ በክትባት የሚከላከሉት ነበር። ማክሰኞ ሞተች።

ከዚህ ታሪክ ጥርሷን ይውሰዱልኝ። ገበያ ላይ በቅሎ ሲገዛ ከንፈሯን ገልጦ ያላየ አለ? የድመትም እንደዚያው ነው። በስምንት ሳምንቷ 26ቱም የወተት ጥርሶቿ ወጥተው ማለቅ አለባቸው። የዓይኗም ሰማያዊነት ከስድስተኛውና ሰባተኛው ሳምንት ጀምሮ መለወጥ ይጀምራል፤ ለአቢሲኒያን ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ወርቃማ።

አሁን 13 ሳምንት የምትለዋ ሴት ለምን እንዳስቸገረችዎ ይገባዎታል። ዋናው የብሪታንያ የድመት ዘር መዝጋቢ፣ በ1910 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የድመት ማኅበራት የበላይ ምክር ቤት፣ አርቢዎቹን የሚያዛቸው እንዲያ ነው። ግልገል ብዙውን ጊዜ በ9 ሳምንቷ አንዴ፣ በ12 ሳምንቷ ደግማ ትከተባለች፤ ክትባቱም እስኪይዝ አንድ ሳምንት ይጨመራል፣ 13 ይመጣል። በዚያ ላይ ከእናቷና ከወንድሞቿ ጋር ስትቆይ ሲነክሷት እያመማት ነው መንከስን የምትተወው። ምርመራውም ቢሆን፣ ድመቷን ቀን ሙሉ ማን ቤት ይቆያል፣ መስኮታችሁ እንዴት ነው፣ ትንሽ ልጅ አለ ወይ ብላ መጠየቋ ለእኔ ምስክር ወረቀት ነው። ግን አንድ ነገር ይወቁ፦ ምዝገባው የዘር ማረጋገጫ እንጂ የጤና ዋስትና አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ለድመት አርቢ ብቻ የወጣ የተለየ ፈቃድ ስለሌለ፣ ገብተው የሚያዩት እርስዎ ነዎት።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ አፍንጫዎን ይመኑ። የድመት ሽንት ዓይን የሚያቃጥል ጠረን ከተቀበለዎት ብዙ ድመት፣ ጥቂት እጅ አለ ማለት ነው። ስንት ድመት እንዳሏት ይጠይቁ። ድመት በበዛበት ቤት ኮሮናቫይረስ (የሰውን ያስቸገረው ሳይሆን የድመቶች የራሳቸው የሆነ) እየተዘዋወረ፣ በጥቂቶቹ ላይ ተለውጦ ኤፍ አይ ፒ የሚባለውን የሆድና የደረት በሽታ ያመጣል፤ የሚይዘውም በአብዛኛው ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ነው። ድሮ ሞት ነበር። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ እዚህ አገር በሕጋዊ መንገድ የሚገኝ መድኃኒት አለ፣ ይድናሉ፣ ዋጋው ግን ኪስ ይጎዳል።

ግልገሎቹ የት እንደሚያድሩም ይመልከቱ። ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ድመት ከሰው ጋር የምትላመድበት ነው፤ ያኔ በሰው እጅ ያላደገች በኋላ ብዙ ትዕግሥት ትጠይቃለች። ሳሎን፣ ቴሌቪዥንና የልብስ ማጠቢያ እየጮኸ ያደገች ግልገል እርስዎ ቤት ቡና ሲወቀጥ አትበረግግም። ጓሮ ካለ ሼድ ውስጥ የወጣች ግን አልጋ ሥር ገብታ ሳምንት ትቀመጣለች።

ከዚያ ወለል ላይ ይቀመጡና ዝም ይበሉ። ልጅዎም ዝም ትበል፣ ከቻለች። ጤነኛ አቢሲኒያን ሁለት ደቂቃ አትታገስም፤ መጥታ የቦርሳዎን ማሰሪያ ትነክሳለች። ስትሮጥ የኋላ እግሯን እያነሳች የምትዘል ካለች ልብ ይበሉ፣ የጉልበት ሎሚ መውለቅ በዚህ ዘር ይታያል። ከዚያ ያንሷት። ዓይንና አፍንጫዋ ደረቅ፣ ጆሮዋ ውስጥ ንጹህ ይሁን፤ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር ካለ የጆሮ ተባይ ነው፣ ይታከማል፣ ነገር ግን አርቢዋ አለማየቷ ያስጠይቃታል። ድዷ ሮዝ ይሁን። ነጣ ካለ የደሙን ነገር ያስታውሱ፤ በጥርሱ ሥር ቀይ መስመር ካለ ደግሞ ይህ ዘር የድድ መቆጣት ስለሚወድ ሐኪም ይየው። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ጀርባዋ ከከሳ የሆድ ትል ነው። ጅራቷን ከፍ ያድርጉና ከሥሩ ይዩ፤ ተቅማጥ አይደበቅም። ጠጉሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ጥቁር ነጠብጣብ ካገኙ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ ያራግፉት። ወደ ቀይ ቡናማ ከተለወጠ የቁንጫ ኩስ ነው፣ የተጠጣ ደም። ክብደቷን ቢጠይቁ አያፍሩ። ግልገል በወር ግማሽ ኪሎ ገደማ ትጨምራለች፤ በ13 ሳምንቷ ከአንድ ኪሎ ብዙ ካልዘለለች ለምን ማለት ተገቢ ነው። የምትጠነቀቅ አርቢ ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ በወጥ ቤት ሚዛን እየመዘነች የጻፈችበት ደብተር አላት።

ጥግ ይዛ የተኮራመተችውን፣ ዓይኗ ያለቀሰውን ልጅዎ ትመርጥ ይሆናል። አንጀት ትበላለች፣ አውቃለሁ። አይግዟት። ከመጥፎ ሻጭ አንዷን ባዘኑላት ቁጥር እናትየው በሚቀጥለው ወር ደግማ ለወንድ ትሰጣለች፤ ገንዘብዎ ለዚያ ነው የሚውለው። እንስሳቱ ተጎድተው ካዩ ለእንስሳት ጥበቃ ማኅበሩ ወይም ለከተማው አስተዳደር ያመልክቱ።

ስለ 1,100ውና ስለ 500ው ብዙም አልልም። የሁለቱ ወላጆች ምርመራ፣ ሁለት ዙር ክትባት፣ የትል መድኃኒት፣ ማይክሮቺፕ፣ የ13 ሳምንት ምግብ፣ ምዝገባ ሲደመር ለአርቢዋ የሚተርፋት የሚመስልዎትን ያህል አይደለም። ማይክሮቺፕ ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ባለቤት ላላት ድመት ሁሉ ግዴታ ነው፤ 20 ሳምንት ሳይሞላት መቀበር አለበት፣ አለዚያ እስከ 500 ፓውንድ ያስቀጣል። በእርስዎ ስም መዛወሩን ያረጋግጡ። የጽሑፍ ውል ይጠይቁ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ የራስዎ ሐኪም አይቷት ችግር ቢያገኝ ምን እንደሚሆን፣ ድመቷን ማቆየት ባትችሉ ማን እንደሚረከባት የተጻፈበት። ጥሩ አርቢ «መቼም ቢሆን ወደኔ ትመለስ» ብላ ታስጽፋለች።

ቤት ስትገባ አንድ የእኛ ቤት አደጋ አለ፣ የእንግሊዝ ሐኪሞች ላይነግሩዎት ስለሚችሉ እኔ ልንገርዎ። ሽንኩርት። ነጭም ሆነ ቀይ፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈነዳል። የዶሮ ወጥ ደግሞ ሌላ ምንድን ነው፣ ሽንኩርት አይደለም እንዴ? ያቺ የደም ችግር ያለባት ግልገል ብትሆን ደግሞ በደህናው ቀንም ከሚያንሳት ደም ላይ ነው የሚቀነሰው። «ትንሽ እንጀራ በወጥ» የሚሉትን አያት በጊዜ ይለምኗቸው። አበባ የሚያመጣ እንግዳ ካለም ሊሊ እንዳያመጣ፤ የሊሊ ብናኙ ራሱ ኩላሊቷን ይገድላል።

ሁላችሁም ቀኑን ሙሉ ሥራና ትምህርት ቤት ከሆናችሁ ግን ደግማችሁ አስቡበት። አቢሲኒያን ጭን ላይ ተኝታ የምትውል ድመት አይደለችም፤ መጋረጃ ላይ ናት፣ ፍሪጅ ላይ ናት፣ እርስዎ ሽንት ቤት ሲገቡ አብራ ናት። ብቻዋን ከዋለች ቤቱን ታፈርሳለች። ልጅዎ የምትፈልገው ድመት ብቻ ከሆነ መጠለያ ያሉ አድገው ጠባያቸው የታወቀ ድመቶች አሉ፣ እነሱንም አንድ ቀን ሄደው ይዩ።

ሴትየዋ ጋ ከሄዱ ግን የመጀመሪያውን ቀን የድመት ማመላለሻ ሳጥኑን ቤት ትተውት ይሂዱ። ገንዘቡንም። ልጅዎ ተመልሳችሁ ባዶ እጃችሁን ስትመጡ መኪና ውስጥ ታለቅስ ይሆናል፤ እስክትረጋጋ ድረስ እርስዎ የእናትየውን የምርመራ ወረቀት ፎቶ አውጥተው ቁጥሮቹን አብራችሁ አስተያዩ።